«እንደዚህ የሚባል ሰው አላውቅም»

ያኔ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። ሲያትል፣ ኖርዝጌት አካባቢ ባለ አንድ ትንሽ የልብስ ማጠቢያ ቤት ሽሚዝ እተኩሳለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ የራሴን ሽሚዝ እንኳ እህቴ ነበረች የምትተኩስልኝ፤ እዚህ መጥቼ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የማላውቃቸውን ሰዎች ኮሌታ ሳቃና ኖርኩ። ሥራውን አልጠላውም ነበር። ሽሚዝ ከሰው ጋር አይነታረክም።

የሱቁ ባለቤት ጋሽ ሸምሱ ይባላሉ። የስልጤ ሰው ናቸው፤ ስድሳን የተሻገሩ፣ አጭር፣ ፈጣን፣ ከደንበኛ ጋር ወሬ የሚወዱ። ከእኔ ሌላ ሠራተኛ የላቸውም። እኔ ከኋላ ማሽኑ ላይ ነኝ፣ እሳቸው ከፊት ሆነው ልብስ ይቀበላሉ፣ ስልክ ያነሳሉ፣ ይመልሳሉ። ደመወዜን በቼክ፣ ታክሱን ቆርጠው ይከፍሉኛል። በወረቀት ነገር ቀልድ አያውቁም። በ2008ቱ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የቤት ብድር ቀውስ ጊዜ ቤታቸውን ባንክ ወስዶባቸው ከባለቤታቸው ጋር አፓርታማ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ስለዚያ ቤት ሲያወሩ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ የሆነው ከቀውሱ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እኔና ባለቤቴ ሰናይት የምንኖርበት አፓርታማ ተሸጦ ሊፈርስ ስለነበር በሁለት ወር ውስጥ ልቀቁ ተባልን። ሰናይት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ሥራም አቁማለች። የቤት ዋጋ ወርዶ ስለነበር አንድ ሰው ኪራይ ከመክፈል መግዛት ይሻላችኋል አለን። እኛም ስንፈልግ ሾርላይን ውስጥ ሁለት መኝታ ያላት፣ ምንጣፏ ውሻ ውሻ የሚሸት ቤት አገኘን። ሰናይት ሽታው በሳሙና ይለቃል አለች። በዚያው ቀብድ አስያዝን።

ባንክ ዝም ብሎ ለእኔ ዓይነቱ ሰው አያበድርም። ቅድሚያ የምከፍለው ትንሽ ነው፣ ደመወዜም የሚያኮራ አይደለም። ለዚህ ነው ኤፍ ኤች ኤ የሚሉት ብድር የሚጠቅመው። መንግሥት ለባንኩ ዋስ ይቆምልሃል፤ አንተ መክፈል ቢያቅትህ የባንኩን ኪሳራ መንግሥት ይሸፍናል። አገር ቤት አንድ ዋስ ለማግኘት ስንት ዘመድ ደጅ እንደሚጠና የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅታችሁም። የአሜሪካ መንግሥት፣ አንድም ቀን አይቶኝ የማያውቅ፣ ለአሸናፊ ዋስ ሊሆን ነው።

ሰናይት አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ ያዘች። ፈርመን ቁልፍ እስክንቀበል ድረስ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለችኝ። እኔም አልተከራከርኩም። ቤት የሚገዛ ሐበሻ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ጓደኛህ ቤት መግዛቱን የምትሰማው ለቤት ምርቃት ስትጠራ ነው። እኛማ ብሰን ሐበሻ አሻሻጭ እንኳ አልያዝንም፤ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ቀድሞ እንዳይደርስ ብለን ፈረንጅ ያዝን። ብድሩንም የምታስጨርስልን ካረን የምትባል ረጋ ያለች ፈረንጅ ነበረች።

ካረን አንድ ቀን ስለ ቀሩት ደረጃዎች ስታስረዳኝ፣ ከፊርማው በፊት ሥራ ላይ መሆኔን ለማረጋገጥ አሠሪዬ ጋ እንደሚደወል ነግራኛለች። «ኦኬ» አልኳት። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ የገባኝንም ያልገባኝንም የምሸኘው በዚህ ቃል ነው። ማታ ለሰናይት ስነግራት ለጋሽ ሸምሱ ልንገራቸው ወይ አልኳት። እሷም የደመወዝ ወረቀትህን በሙሉ ወስደዋል፣ የታክሱንም ወስደዋል፣ ከዚህ በላይ ማን ይደውላል አለችኝ። ጋሽ ሸምሱ ከሰሙ ደግሞ ሽሚዝ ሊወስድ የመጣ ሁሉ ይሰማል። ተውኩት።

ቤቱን የሚሸጡት የአንዲት የሞቱ አሮጊት ልጆች ነበሩ። የመንግሥቱ ብድር የደረጃ መደገፊያ ካልተሠራ ቤቱን አልቀበልም ብሎ አንድ ጊዜ አዘግይቷቸዋል፤ ትዕግሥታቸው አልቋል። ሙሉ ዋጋውን በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ሌላ ገዢም ከኋላችን ቆሟል። ዓርብ የሥራ ሰዓት እስኪያልቅ ካልተፈረመ ቤቱ ለእሱ ነው፤ ቀብዳችንም የሚመለስ አይመስልም። እኛ ለፊርማ የተቀጠርነው ለሐሙስ ከሰዓት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ማሽኑ ላይ እያለሁ ካረን ደወለች። ለፊርማው ምን ይዤ እንደምመጣ ልትነግረኝ መስሎኝ እስክሪብቶ ፈለግኩ። ድምፅዋ ግን ሌላ ነበር።

«አሁን የት ነው የምትሠራው?» አለችኝ።

እዚያው ነኝ፣ አሁንም ሥራ ላይ ነኝ አልኳት።

«ትናንት ከሰዓት ወደዚያ ሱቅ ተደውሎ ነበር። ስልኩን ያነሳው ሰው፣ እንደዚህ የሚባል ሰው አላውቅም፣ እዚህም ሠርቶ አያውቅም ብሏል።»

እሷ ቀጠለች። ፋይሉ ቆሟል። የዛሬው ፊርማ ተሰርዟል። መንግሥት ዋስ በሚሆንበት ብድር ላይ የሐሰት መረጃ መስጠት ወንጀል መሆኑን ልታስታውሰኝ ግዴታ አለባት። የማቀርበው ማስረጃ ካለ እስከ ነገ አቅርብ አለችና ዘጋች።

በተሰቀሉት ልብሶች መካከል አሾልኬ ወደ ፊት አየሁ። ጋሽ ሸምሱ የአንዲት ደንበኛ ኮት ላይ ቁጥር እየለጠፉ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ሱቁ ውስጥ ስልክ የሚያነሳ ሌላ ሰው የለም። አላውቀውም ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ትናንት ከሰዓት፣ እኔ ከጀርባቸው አሥር እርምጃ ላይ ቆሜ የሰው ሽሚዝ እየተኮስኩ።

አንባቢዎቼ፣ ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ሳላሳምር ልንገራችሁ። ምቀኝነት ነው አልኩ። ሌላ ነገር አንድም ጊዜ አልመጣልኝም። ከሆነ ቦታ ሰምተዋል፤ የእሳቸውን ቤት ባንክ ወስዶታል፣ ሽሚዝ ተኳሻቸው ደግሞ ቤት ሊገዛ ነው፤ አላስቻላቸውም። ሰው አንዴ መጠርጠር ከጀመረ ማስረጃ አያጣም። ባለፈው ወር ኪራይ ጨመሩባችሁ ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ ሲሰልሉኝ ኖሯል አልኩ። ከሁለት ቀን በፊት ፊቴን ትኩር ብለው አይተውኝ ነበር፤ እንዴት እንደሚጥሉኝ ሲያስቡ ነው አልኩ። ትናንት ማታ ስንለያይ ከወትሮው የበለጠ መርቀውኛል፤ እሱም ለካ ለዚህ ነው።

ሄጄ ብጠይቃቸው ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን ለመጠየቅ ቤት እየገዛሁ ነው ብሎ መጀመር ያስፈልጋል። ምናልባት ካልሰሙስ? ደግሞም ስድስት ዓመት ያበላኝን ሰው ምቀኛ ነህ ወይ ብዬ በየት በኩል ልጀምር? ይሉኝታ ያዘኝ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ተኮስኩ። ያን ቀን የተኮስኩትን ያህል ሽሚዝ ተኩሼ አላውቅም።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ሸምሱ ከኋላ መጡና ፊትህ ለምን ጠቆረ አሉኝ። ራሴን አሞኛል አልኳቸው። ከመሳቢያቸው ኪኒን ፈልገው ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር አመጡልኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ተቀበልኳቸውና ዞር ሲሉ ኪሴ ከተትኩት። ከእጃቸው ምንም ነገር መዋጥ አላሰኘኝም።

ቤት ስገባ ሰናይት በካርቶኖች መካከል ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ዕቃው ታስሯል፤ የምንበላባቸው ሁለት ሳህኖች ብቻ ቀርተዋል። የሆነውን ነገርኳት። መጀመሪያ ለማን ተናግረህ ነው አለችኝ። ለማንም አልኳት። አላመነችኝም። ተጨቃጨቅን፤ በኋላ ደከማት።

«ነገ ጠዋት ጠይቃቸው» አለችኝ በመጨረሻ። «ቤቱ እንደሆነ ሄዷል። ቢያንስ ቁርጡን እንወቅ።»

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ሸምሱ ሱቁን ሲከፍቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ ረዥም ነው፣ ክብርና ምሬት የተቀላቀለበት። ከአፌ የወጣው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

«ጋሽ ሸምሱ፣ እኔ ምን በድዬዎት ነው አላውቀውም ያሉት?»

ቁልፉን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ፊታቸው በራ። በእውነት ደስ አላቸው።

«ማን ነገረህ? እኔ እኮ እንዳትሰማ ብዬ ነው» አሉኝ። «ረቡዕ አንዱ ኮል አደረገ። ሙሉ ስምህን ጠራ። አሁንም አለ ወይ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሠራው፣ ወደፊትስ ይቀጥላል ወይ። ከየት ነው የምትደውለው ስለው የማላውቀውን ኩባንያ ጠራልኝ። በቃ፣ ይሄ ዕዳ ሰብሳቢ ነው ወይ የመንግሥት ሰው ነው አልኩ። እንደዚህ የሚባል ሰው አላውቅም፣ እዚህም ሠርቶ አያውቅም ብዬ ዘጋሁበት። ሁለተኛ አይደውልም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ሚስትህ ድርስ ናት። ምን ብዬ ላስደንግጥህ?»

የደንበኞቹ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቤቱን፣ ብድሩን፣ ዋስ የሚሆነውን መንግሥት፣ የሞቱትን አሮጊት ልጆች፣ ከኋላችን የቆመውን ገዢ፣ የዛሬውን ቀን። እየሰሙኝ ቀስ በቀስ ያ የበራው ፊታቸው ጠፋ። ስጨርስ እሳቸውም ተቀመጡ።

«ቤት ልትገዛ ነበር?» አሉኝ። «እና ለእኔ አልነገርከኝም?»

ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እኔ ቤቴን ከእሳቸው ደበቅኩ፣ እሳቸው ስልኩን ከእኔ ደበቁ፤ ሁለታችንም ለደግ ብለን።

ካረን ጋ ደወልን። ጋሽ ሸምሱ ራሳቸው ስልኩን ተቀብለው እሱ የእኔ ሠራተኛ ነው፣ ስድስት ዓመቱ ነው አሏት። እሷም በትሕትና፣ ከትናንት ወዲያ አላውቀውም ያለ ሰው ዛሬ በዚያው ስልክ አውቀዋለሁ ቢል ብድሩን የሚያጸድቀው ክፍል እንደማይቀበለው ነገረቻቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የደመወዝ መዝገብ፣ በየሦስት ወሩ ለክፍለ ግዛቱ የሚላከው የሠራተኛ ሪፖርት፣ ለምን እንደዚያ እንደተባለ የሚያስረዳ የተፈረመ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ በፋክስ ላኩት፣ ግን ዛሬ ይደርሳል ብዬ ቃል አልገባም አለች።

«ፋክስ ሰው አይደለም» አሉ ጋሽ ሸምሱ ስልኩን ሲዘጉ። ከመስቀያው የራሳቸውን ነጭ ሽሚዝ አውርደው ሰጡኝ። «ተኩስልኝ።»

ተኮስኩላቸው። እሳቸው በዚያ ጊዜ የስድስት ዓመት ወረቀት ካርቶን ውስጥ ከተቱ። ከዚያ በሩ ላይ ዝግ ነው የሚለውን ገልብጠው ቆለፉ። ዓርብ ሰው ለሰንበት ልብሱን የሚወስድበት ቀን ስለሆነ ከሁሉም የበለጠ ገበያ ያለው ያን ዕለት ነው፤ ለጁምዓ ሶላት ካልሆነ በቀር ሲዘጉ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ገበያውም ጁምዓውም አመለጣቸው። መንገድ ላይ ሰዓታቸውን ሲያዩ አይቼ፣ ጋሽ ሸምሱ ሶላቱስ አልኳቸው። አላህ ያለሁበትን ያውቃል አሉኝ፤ ሌላ አልተናገሩም።

የአበዳሪው ቢሮ መሃል ከተማ፣ አሥራ ምናምነኛ ፎቅ ላይ ነበር። ካረን ስታየን ደነገጠች። በዚያ ሥራ ሰው ካርቶን ተሸክሞ አይመጣም። አንድ ሰዓት ያህል ካስጠበቁን በኋላ የሚያጸድቀው ክፍል ኃላፊ፣ ቀጭን መነጽራም ሰውዬ፣ ትንሽ ክፍል ውስጥ ተቀበለን። ካርቶኑን አልነካውም። ጋሽ ሸምሱን እያየ፣ ረቡዕ ስልክ ያነሳኸው አንተ ነህ ወይ አላቸው። አዎ አሉ። ታዲያ የትኛውን ልመን፣ የረቡዑን ወይስ የዛሬውን አለ።

ጋሽ ሸምሱ እንግሊዝኛቸው የሱቅ ነው፤ ለኮትና ለሱሪ ይበቃል። ያን ቀን ግን የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ረቡዕ ዋሽቻለሁ» አሉት። «ቤቴን ባንክ ሲወስድብኝ በቀን አሥር ጊዜ ይደወልልኝ ነበር። ስለ ሰው ለሚጠይቅ አላውቅም ማለት ለመድኩ። ከዚያም በፊት፣ በአገሬ፣ ወንድሜን ፈልገው ወታደሮች መጥተው ነበር። እንደዚህ የሚባል ሰው አላውቅም አልኳቸው። ወንድሜ ከጀርባዬ፣ ከጆንያ ክምር ኋላ ነበር። ዛሬ የአምስት ልጆች አባት ነው። ይሄን ልጅም እንደ ወንድሜ አይቼ ነው የዋሸሁት። ቅጣት ካለ ለእኔ ይሁን፤ እሱ ሠራተኛዬ ነው።»

ስድስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ይህን ነግረውኝ አያውቁም። እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም።

ሰውዬው ካርቶኑን ወደ ራሱ ስቦ የሦስት ወሩን ሪፖርቶች አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። ስሜን ሲያገኝ በጣቱ ይነካና ያልፋል። ከዚያ ጋሽ ሸምሱን ደብዳቤ አስፈረማቸውና ውጭ ጠብቁ አለን።

መኪና ውስጥ ተቀምጠን ጠበቅን። ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይወርዳል። ጋሽ ሸምሱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። ሰናይት ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ሦስቴም ገና ነው አልኳት። የሥራ ሰዓቱ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ሲቀረው ካረን ደወለች። ኑና ፈርሙ አለች።

የፈረምኩት ወረቀት ብዛቱ ሌላ ነገር ነው። እጄ እስኪዝል ፈረምኩ። የሚያስፈርመኝ ሰው እያንዳንዱን ሊያስረዳኝ ሲጀምር ኦኬ አላልኩም፤ ምን ማለት ነው እያልኩ ጠየቅኩ። ስለዚህ ትንሽ ዘገየን፤ ግን ሰዓቱ ሳያልፍ ጨረስን። ጋሽ ሸምሱ ከውጭ፣ የእንግዳ ማረፊያው ላይ፣ ባዶ ካርቶናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር።

ወደ ሰሜን ስንመለስ መንገዱ ተጨናንቆ ስለነበር ብዙ አወራን። በቤቱ ደስ ብሏቸዋል። ስለ ምንጣፉ ምክር ሰጡኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ትናንት ቀኑን ሙሉ ዝም ብለህ ስትተኩስ፣ ምን እያሰብክ ነበር?»

«ምንም» አልኳቸው። «ራሴን አሞኝ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም።

ልጃችን እዚያ ቤት ተወለደች። ጋሽ ሸምሱ ቤቱን ሊመርቁ መጥተው ታሪኩን ለእንግዶቹ ሁሉ ተናገሩ፤ «አላውቀውም ብዬ ቤት አስገዛሁት» ሲሉ ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ በሄዱበት ያወሩታል። እሳቸው በሚያወሩት ውስጥ እኔ ራሱን ያመመው ምስኪን ልጅ ነኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ብድር የጀመራችሁ ካላችሁ ለአሠሪያችሁ ንገሩ፤ ስልክ እንደሚደወል አስጠንቅቁ። አዲስ ለሚመጣ ሰው ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፣ ብዙ ሰው ጠቅሞታል። ምስጢር መያዝ ክፉ ነው አልልም፤ ሰናይት አሁንም በአቋሟ ናት። እኔን የለወጠኝ ግን ሌላው ነገር ነው። አንድ ቀን ሙሉ፣ ማንም ሳይገፋፋኝ፣ ደግ ሰው ላይ ፈረድኩ። ማስረጃም ሞልቶኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰው ላይ እርግጠኛ በሆንኩ ቁጥር ያን ሐሙስ አስታውሳለሁና ከመፍረዴ በፊት ሄጄ እጠይቃለሁ። የምጠይቀው ብዙ ጊዜ ቶሎ ሳይሆን ዘግይቼ ነው፤ ግን እጠይቃለሁ።

ጋሽ ሸምሱ ሱቁን ሸጠው አሁን ታኮማ ልጃቸው ጋ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ልጃቸው እንደምታነብላቸው ስለማውቅ ነው ይህን የጻፍኩት። ፊት ለፊት ልነግራቸው ስንት ጊዜ ሄጄ ሻይ ጠጥቼ ተመልሻለሁ።

ጋሽ ሸምሱ፣ መኪናው ውስጥ ለጠየቁኝ ጥያቄ የመለስኩልዎት ውሸት ነው። ራሴን አላመመኝም ነበር። ቀኑን ሙሉ ምቀኛ ነዎት እያልኩ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።